ከዋናው ቤት እስከ ጀርመን አሥራ አራት እርምጃ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ የያዝሽውን አስቀምጪና ስሚኝ። ውጭ አገር ለመሄድ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ አውሮፕላን ምናምን ያስፈልጋል ያሉሽ ሰዎች ሁሉ ዋሽተውሻል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በክብር ጡረታ በወጡት በአቶ ገዳሙ ግቢ፣ ከዋናው ቤት እስከ ጀርመን አሥራ አራት እርምጃ ነው። ዘንቦ ከሆነና ጭቃውን መዝለል ካለብሽ አሥራ ሰባት። እዚህ ታላቅ ግኝት ላይ የዓለም ሳይንቲስቶች እስካሁን አልደረሱም፤ አቶ ገዳሙ ግን ደርሰዋል፤ ያውም በቃለ ጉባኤ።

ነገሩ የጀመረው በልጃቸው በእስከዳር ነው። እስከዳር ነርስ ናት። ማለቴ ዲግሪዋ ነርስ ነው፤ እሷ ግን ሥራ አጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ ብላ የእናቷን ደም ግፊት ስትለካ ነው የኖረችው። እናቷ ወይዘሮ ዓይናዲስም በቀን አራቴ ክንዳቸውን እየሰጡ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ሲሉ ሲሉ፣ ደም ግፊት ያልነበረባቸው ሴትዮ ሊይዛቸው ምንም አልቀረውም። በዚህ መሀል እስከዳር ስልኳ ላይ ተደፍታ ስምንት ወር ጀርመንኛ ተማረች። ፈተናውን አለፈች። ከዚያ ማዶ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት «በቪዲዮ እናናግርሽ» ብሎ ቀን ቆረጠላት። ረቡዕ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ካለፈች ትሄዳለች። ከወደቀች ደብረ ኤልያስ አክስቷ ሱቅ ገብታ ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች። አክስቷማ መውደቋን ከወዲሁ አምና ሰማያዊ ሽርጥ አሰፍታላታለች።

ቀኑ ስድስት ሳምንት ይቀረው ነበር።

ሌላ አባት ቢሆን «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብሎ ዝም ይላል። አቶ ገዳሙ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ስብሰባ የመሩ ሰው ናቸው። ስብሰባ ሳይጠራ የተሳካ ነገር አይተው አያውቁም። ተጠርቶ የተሳካም አይተው አያውቁም፣ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ክቡራትና ክቡራን!» አሉ። ክቡራቷ ወይዘሮ ዓይናዲስ ሰሃን እየሰበሰቡ ነበር። ክቡራኑ ጌቾ ነበር።

ጌቾ የእስከዳር የአክስት ልጅ ነው። ሠላሳውን አልፏል፤ ከዘመድ ሁሉ ውጭ አገርን በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ወር መተማ ኖሯል። አዎ፣ መተማ እኛው አገር ነው፣ አታርሚኝ። ግን ከመተማ ሱዳን ይታያል። ጌቾ አንድ ቀን የድንበሩን ድልድይ ግማሽ ድረስ ተሻግሮ፣ ስልኩ ሲጠራ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ ኑሮ ሲጠየቅ «እኛ እዚያ በነበርንበት ጊዜ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«የውጭ ዋናው ችግር» አለ ጌቾ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ድንገት መሆኑ ነው። ልጅቷ ከማርቆስ ተነስታ እዚያ ዘጭ ስትል ትደነግጣለች። ቀስ በቀስ መልመድ አለባት።»

«ቀስ በቀስ እንዴት?» አሉ አቶ ገዳሙ እስክሪብቶ እያወጡ።

«እዚሁ ግቢ ውስጥ ውጭ አገር ማቋቋም።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሮጠ።

«ድንቅ ግብዓት ነው!» አሉ አቶ ገዳሙ።

«ድንቹን የት ላድርገው ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ። ሴትዮዋ ገና ሳይነገራቸው የትኛው ክፍል ጀርመን እንደሚሆን ገብቷቸዋል። ግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ናት፤ ድንች የሚቀመጥባት።

«እኔስ ሐሳቤን አልጠየቅም?» አለች እስከዳር።

«አንቺ የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ ነሽ» አሉ አባቷ። «ተጠቃሚ ዝም ብሎ ይጠቀማል። መርሓችን ‹ሳይቃጠል በቅጠል› ነው።» እሳት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። ቅጠሉ፣ ማለቴ ወረቀቱ፣ ግን ጎረፈ።

በሳምንቱ ድንቹ ወደ መኝታ ቤት ተዛወረ፤ ጀርመን ተመሠረተች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ሹካ ገባላት። «እዚያ ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው» አለ ጌቾ። ዋይፋዩም ከሳሎን ተነቅሎ እዚያ ተተከለ፤ ውጭ አገር ኔትወርክ ጠፋ ከተባለ አገር ይሰድበናላ! በሩ ላይ አቶ ገዳሙ በራሳቸው እጅ «ውጭ አገር። ያለ ቀጠሮ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው ጻፉ። ማኅተም ስላልነበራቸው የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ቀለም ነክረው መቱበት። እውነት እልሻለሁ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። ከዚያም አሥራ ዘጠኝ ገጽ «የውጭ አገር ኑሮ ቅድመ ዝግጅት መመሪያ» ወጣ፤ ቅጽ አንድ፣ ቅጽ ሁለትና ቅጽ ሦስት ከኋላው ተያይዘዋል።

ሥልጠናው የተሰጠው በጌቾ ነው።

«እኔ ጎረቤትሽ ነኝ፤ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ምን ትያለሽ?»

«እንዴት አደርክ?»

«አቁሚ! እንዴት እንዳደረ ምን አገባሽ? ሃሎ ብለሽ ታልፊያለሽ።»

«ሃሎ።»

«ፈገግታው በዛ።»

«ሃሎ።»

«አሁን ደግሞ ቂም ያለሽ አስመሰለብሽ።»

«ጌቾ፣ አንተ ግን የየት አገር ደረጃ ላይ ነው የወጣኸው?»

«እኛ እዚያ በነበርንበት ጊዜ» አለ ጌቾ ጣሪያውን እያየ፣ «ፎቁ በሩቁ ይታየን ነበር።»

ቆሻሻ መለየትም ተማረች። ሦስት ባልዲ ተደረደረ፤ የእርጥብ፣ የደረቅ፣ የጠርሙስ። የእርጥቡን ዶሮዎቹ ጨረሱት፣ የደረቁን ወይዘሮ ዓይናዲስ እሳት አነደዱበት፣ የጠርሙሱን ቆራሌው ወሰደው። ባጭሩ ግቢው ድሮም ቆሻሻ ይለይ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ሪፖርት ይጻፍበታል። አውራ ዶሮው ያለ ቀጠሮ ጀርመን ገብቶ ሲገኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ልጃቸውን ለማየት ቅጽ ሁለት መሙላት ነበረባቸው። «የጉብኝቱ ዓላማ» በሚለው ላይ «ልጄን ለማየት» ብለው ሞሉ። ዓላማው ግልጽ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው «ሽሮ ለማቀበል» ብለው ሲሞሉ ለአምስት ደቂቃ ተፈቀደ። ገብተው ሽሮውን አስቀምጠው፣ አራቱን ደቂቃ ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን እያዩ ቁጭ አሉ።

«እማ፣ አይዞሽ፣ እዚሁ ግቢ ነው ያለሁት እኮ።»

«አይ ልጄ» አሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ስደት ስደት ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ ፍሥሐ ጸበል ይዘው መጡ። መምሬ ፍሥሐ እዚያ ግቢ አንኳኩተው አያውቁም፤ ውሻው ራሱ ሲያያቸው ተነስቶ መንገድ ይለቃል። ሳሎኑን ረጩ፣ ጓዳውን ረጩ፣ መኝታ ቤቱንም ከነድንቹ ረጩ። ሰርቪሷ በር ላይ ሲደርሱ አቶ ገዳሙ ወንበር ይዘው፣ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አባታችን፣ ቀጠሮ አለዎት?»

«የምን?»

«ይህ ክፍል ለጊዜው ጀርመን ነው።»

መምሬ ፍሥሐ ክፍሉን አዩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ላይ የድንች አፈር አለ።

«ከመቼ ወዲህ ልጄ?»

«ከወሩ መጀመሪያ።»

«ገዳሙ፣ ልጆችህን ሁሉ ያጠመቅሁልህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቀጠሮ ያዝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«እንዴታ አባታችን! ለወንዱ አርባ ቀን፣ ለሴቷ ሰማንያ ቀን ብለው አይደል የመለሱኝ?»

መምሬ ፍሥሐ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቅኔ ቤትም አልገጠማቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ። «መልካም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አልገባም። ጸበሉ ግን ራሱን ችሎ ይገባል።» ብለው በተከፈተው መስኮት ሙሉውን ማሰሮ ለቀቁት።

እስከዳር ውስጥ አልነበረችም፤ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። አልጋው ላይ የነበረው ጌቾ ነው፤ ለጥ ብሎ ተኝቷል። የማርቆስ ውኃ በጠዋት ደረቱ ላይ ሲያርፍበት የለቀቀው ጩኸት አማኑኤል ከተማ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

«በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ ከማድ ቤት እየሮጡ። «ለካ ነበረበት!»

ጌቾ ብርዱ ነው ያስጮኸኝ ቢል፣ ቢምል፣ ቢገዘት ማን ሊሰማው። ሰባት ቀን በተከታታይ ጸበል ተወሰደ። ሥልጠናው በአሠልጣኙ የጤና ሁኔታ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ተቋረጠ ተብሎ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ በብርጭቆ ማኅተም።

እስከዳር እፎይ ብላ ጀርመንኛዋን ስታጠና፣ ረቡዕ አራት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ገዳሙ አዲስ አቅጣጫ አስቀመጡ። «ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት» አሉ፣ «አመራሩ ወርዶ የልምድ ልውውጥ ማድረግ አለበት።» በልምድ ልውውጥ ነገር እሳቸው ላይ የሚደርስ የለም። በሥራ ዘመናቸው ለልምድ ልውውጥ ሦስት ጊዜ ሐዋሳ ወርደዋል፤ ይዘውት የመጡት ልምድ ዓሣ ጥብስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢ፣ ሬድዮ፣ መነጽርና አንድ ቁና ዳቦ ቆሎ ይዘው ተነሱ።

«ለአሥራ አራት እርምጃ ስንቅ ይያዛል?» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ።

«ለሁለት ቀን ነው የምቆየው። ጸልዩልኝ።»

ገቡ። የመጀመሪያውን ሰዓት ማስታወሻ ጻፉ። በሁለተኛው ሰዓት እስክሪብቶው ቆመ። ምን ሆነ መሰለሽ? ማንም አልጠራቸውም። «ገዳሙ፣ ያንን ጆንያ ወዲህ በለው» የሚል የለም። ዕድር ቀረህ የሚል የለም። «ልጅህ መቼ ነው የምታገባው?» የሚል ጎረቤት ቅጽ ሁለትን አይቶ ከበር ይመለሳል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ አቶ ገዳሙ ወርቁን ሲያገኙት ተነስተው ከውስጥ ቆለፉበት።

ሰኞ ጠዋት በበሩ ሥር ወረቀት ወጣ። «የአገሩ ሁኔታ ተጨማሪ ጥናት የሚጠይቅ በመሆኑ ቆይታዬን ላልተወሰነ ጊዜ አራዝሜያለሁ። ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ዓይናዲስ። ለጌቾ።»

«አንተ ሰውዬ ውጣ!» ብለው ወይዘሮ ዓይናዲስ በሩን ደበደቡት።

«ቀጠሮ አለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስትህ ሆኜ!»

«እሱ ነባር ፋይል ነው። አዲስ ክፈቺ።»

ማክሰኞ እስከዳር ራሷ መስኮቱ ሥር ቆመች። «አባባ፣ ነገ አምስት ሰዓት ነው ኢንተርቪዬ። ጠረጴዛውም ዋይፋዩም እርስዎ ጋ ነው ያለው። የስልኬ ኔትወርክ እንደሆነ ሰኞ የሄደ አልተመለሰም።»

«በቅጽ ሦስት አመልክቺ።»

አመለከተች። ከሰዓት በኋላ መልሱ በመስኮት ወጣ፦ «ጥያቄሽ በሂደት ላይ ነው።»

ለእናቷ ስትነግራቸው «በሩን በመጥረቢያ ልበለው?» አሉ። ካሉ ያደርጉታል። እስከዳር ግን በመስኮቱ ቀዳዳ አባቷን አየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን መልሰው መላልሰው ያነባሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፊታቸው እንዲያ ሲፈታ አላየችም። «ተይው እማ» አለች። «መላ አላጣም።»

መላው ይኼ ነበር። ዋይፋዩ ከክፍሉ ወጥቶ ሦስት እርምጃ ድረስ ይደርሳል። ሦስት እርምጃው ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው። ረቡዕ ረፋድ እስከዳር በርጩማዋን እዚያ አስቀመጠች፤ ስልኩን ጆንያ ድንች ላይ አስደግፋ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ተቀመጠች። ከጀርባዋ መስኮቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዝግ ነበር፣ ምስጋና ለፈጣሪ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። አንዲት ሽበታም ሴትዮና አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ብቅ አሉ።

«ለምንድን ነው ከአረጋውያን ጋር መሥራት የፈለግሽው?» አለቻት ሴትዮዋ።

ይህንን እስከዳር ስድስት ሳምንት አጥንታዋለች። አፏን ከፈተች። መስኮቱም ተከፈተ። የአቶ ገዳሙ ራስ ጋቢ እንደተከናነበ ብቅ አለ።

«ማነው ድንበር ላይ የሚያወራው?»

ያ ሰማያዊ ሽርጥ እስከዳር ዓይን ላይ መጣባት። ጩኺ ጩኺ አላት። ዋጥ አደረገችው።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ፈቃድ አለሽ?»

«ማመልከቻዬ በሂደት ላይ ነው።»

«እህ። እንግዲያውስ ቆይ። ዳቦው ደርቋል በያቸው።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«ደግሞ ጀርመን ፀሐይ አይገባም። ይኼ አገር ብርድ ነው!»

«ከሰዓት በኋላ በዚህ በኩል ትዞራለች አባባ። እስከዚያ ጋቢውን ደረብ ያድርጉት።»

«መነጽሬንም ሰርቀውኛል።»

«ግንባርዎ ላይ ነው።»

ዳሰሱት። አገኙት። «ይመዝገብልኝ» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ፈረንጆች አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስግገዋል።

«ሰውዬው ማን ናቸው?» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

«አባቴ ናቸው።»

«ምን እያሉሽ ነው?»

መዋሸት አማራት። ግን በጀርመንኛ ለመዋሸት ስምንት ወር አይበቃም። «ዳቦው ደርቋል፣ ጀርመን ፀሐይ የለም፣ መነጽሬን ሰርቀውኛል እያሉ ነው።»

«ያሉት ጀርመን ነው ብለው ነው የሚያምኑት?»

«አዎ። ክፍሉ ጀርመን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክፍሉ አምስት ሳምንት ሆነው። እሳቸው የገቡት ቅዳሜ ነው።»

ሰውዬው መጻፍ ጀመረ። «ከክፍሉ ይወጣሉ?»

«እምቢ ብለዋል።»

«ምግብስ?»

«በመስኮት።»

«ባለቤታቸውን ያውቃሉ?»

እስከዳር አሰበች። «ቀጠሮ ከያዘች ያውቋታል።»

«ሲቆጡስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቅጽ እሞላላቸዋለሁ። ቅጽ ሲያዩ ይረጋጋሉ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ጮኸሽባቸው ታውቂያለሽ?»

«ብጮኽ ምን አመጣለሁ? እሳቸው በራቸውን ይቆልፋሉ፣ እኔ ድምፄን እጨርሳለሁ።»

«ይህንን የቅጽ ዘዴ የት ነው የተማርሽው?»

«እዚሁ ነው። አባቴ ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት።»

«ራሳቸው!» አለች ሴትዮዋ፤ ይህንንም ጻፈችው፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሰውዬው ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደ አባትሽ ያሉ ዘጠኝ አዛውንት አሉን። አንዱ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። አሁንም ቲኬት ሳያዩ ማንንም በኮሪደሩ አያሳልፉም፤ ዶክተሩን ራሱ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። ከዚህ በፊት የመጡት ነርሶች ከሳቸው ጋር ሲጣሉ ነው የወጡት። አንቺ መቼ መጀመር ትችያለሽ?»

ወይዘሮ ዓይናዲስ ማድ ቤት በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ጀርመንኛ አያውቁም፤ የልጃቸውን ፊት ግን ያውቃሉ። እልልታውን ለቀቁት። መስኮቱ ተከፈተ።

«ስብሰባው አለቀ እንዴ? ቃለ ጉባኤ ማን ያዘ?»

«አልፌያለሁ አባባ!»

አቶ ገዳሙ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራቸውን ከፍተው ወጡ። ልጃቸውን አቀፉ፤ አለቀሱም፣ እሱን አልደብቅሽም። ዕንባቸውን ጠርገው ግን ወዲያው «ሥልጠናው ግቡን መትቷል» አሉና ሪፖርት ሊጽፉ ተመለሱ። ሪፖርቱ ሠላሳ ገጽ ነው፤ አፈጻጸሙ መቶ አራት በመቶ። አራቷ ከየት እንደመጣች አልተገለጸም። ጌቾም ጸበሉን ጨርሶ አማኑኤል ወርዶ ሁለት ሰልጣኝ መዝግቧል፤ እዚያም የአንድ ሰው ድንች ከቤቱ ወጥቷል።

የከፋው ቀጥሎ መጣ። አቶ ገዳሙ ከቅዳሴ መልስ፣ ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ባገኙበት ሁሉ «ልጅቷን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ስምንት ወር ዓይኗ እስኪጠፋ ጀርመንኛ ያጠናችው ልጅ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። እናቷ «ተይው፣ አባትሽ ነው» ይላሉ። ስትታገሥ ስትታገሥ አልሆነላትም። ትሕትና የምትባል ነርሲንግ አብራት የተማረች ጓደኛ አለቻት፣ ደብረ ወርቅ ጤና ጣቢያ የምትሠራ። ጉዳዩን ከነመስኮቱ፣ ከነፈረንጆቹ ጥያቄ አንድ በአንድ ጻፈችላትና መጨረሻው ላይ «አባባ እኮ በኔ ነው ያለፈችው እያሉ አገር አዳረሱት፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለቻት።

ትሕትና ወዲያው መለሰች። አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

«እውነታቸውን ነው አንቺ። ጤነኛ አባት ቢኖርሽ ኖሮ መቼ ታልፊ ነበር!»